ስድስት በርሜል ጠበል

እትዬ የውብዳር በተቀበረች ቀን የሕይወት ታሪኳን ያነበበው የእድራችን ጸሐፊ አቶ ታደሰ ነው። መነጽሩን ሁለቴ ጠርጎ፣ ጉሮሮውን አጽድቶ፣ "ወይዘሮ የውብዳር ከልጅነታቸው ጀምሮ ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ከራሳቸው ይልቅ ለጎረቤት የሚያስቡ እናት ነበሩ" ሲል ለቀስተኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ "ውሸት ነው" አልኩ። በሹክሹክታ ያልኩ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ የቆመችው ጎረቤቴ ነኢማ ግን ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"እትዬ ትርንጎ፣ በፈጠረሽ! ዛሬን እንኳ ተያት።"

ሟቿን የሰደብኩ መስሏት ነው። እኔ የተናደድኩት ለእትዬ የውብዳር ተቆርቁሬ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ደግ ከነበረች ያ ሁሉ የዘጠኝ ዓመት ድካሟ ምን ሊባል ነው? ደግ ሆኖ የተፈጠረ ሰው ምን ይደክመዋል? እሷን ደክሟታል። ደጄ ከደጇ ፊት ለፊት ነው፤ ሲደክማት አይቻለሁ። አቶ ታደሰም ቢሆን ያውቃል። ድሮ በግቢያችን ሲያልፍ "ያቺ ክፉ ሴትዮ አለች?" ብሎ ነበር የሚጠይቀኝ። ዛሬ ወረቀት ላይ ሲጽፍ ረሳው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። ወረቀት አይጠፋብኝም፤ የተደረገብኝም ነገር አይጠፋብኝም። ስለዚህ እንደነበረው ልጻፈው። ማን እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ፤ ይቀየም።

ግቢያችን መካኒሳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ በሚወርደው ኮብልስቶን ላይ ነው። አምስት የቀበሌ ቤቶች፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ይመጣል፣ ከእኩለ ቀን በፊት ይሄዳል። ቆጣሪው በእትዬ የውብዳር ባል ስም ስለነበር፣ እሳቸው ከሞቱ በኋላ ቧንቧው የሷ ሆነ። ማለቴ የሷ አደረገችው። የብረት ሳጥን አሠርታ ቆለፈችበት። ቁልፉን የት ታንጠለጥለው ነበር መሰላችሁ? ከማተቧ ጋር፣ አንገቷ ላይ። ጎንበስ ስትል መስቀሏና የቧንቧው ቁልፍ አብረው ይወጡና እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ።

ረጅም ነበረች፤ አንገቷ ቀጥ ያለ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሆና ስለኖረች ግቢ ውስጥም ስትሄድ በስፌት መኪናዎች መሐል የምታልፍ ነው የሚመስለው፤ አንዱን ልብስ አንስታ ታየዋለች፣ አንዷን በአገጯ ታዝዛታለች። ሐሙስ ሲደርስ ከሁላችንም ቀድማ ወጥታ ሳጥኑን ትከፍትና ጎማውን ወደ ቤቷ ትዘረጋለች። ስድስት በርሜል ነበራት። በየተራ ትሞላቸዋለች። ሲሞሉ በቀለበቷ ጎናቸውን ኳ ኳ ታደርጋለች፤ ከድምፁ የት እንደደረሰ ታውቃለች። እኛ ጀሪካኖቻችንን ደርድረን እንቆማለን። "መጀመሪያ የኔን ልጨርስ" ነበር ንግግሯ። አንዳንድ ሐሙስ የሷ ሲያልቅ ውሃው አብሮ ያልቃል። ያኔ ሳጥኑን ትቆልፍና "በርቱ፣ ለሚቀጥለው" ትለናለች። በርቱ!

የእናቴን ነገር እዚህ ላይ ካልጻፍኩ የሚከተለው አይገባም።

እናቴ አራት ዓመት አልጋ ላይ ቆይታ በጥር ወር፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ አረፈች። በዚያው ሳምንት እሁድ የእትዬ የውብዳር ልጅ ሰላማዊት ልትዳር ነበር። ግቢው በድስትና በሳህን ተሞልቷል። ጎማው ስድስተኛው በርሜል ውስጥ ነው። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

"እትዬ የውብዳር፣ እናቴ አረፈች። የምትታጠብበት ሁለት ጀሪካን ልቅዳ።"

"ውይ! ውይ ትርንጎዬ! ነፍስ ይማር!" እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ጎማውን ግን አላነሳችውም። "ይቺን ልጨርስና ትቀጃለሽ።"

ቆሜ ጠበቅኩ። በርሜሉ ከግማሽ ሲያልፍ ቧንቧው ተንጣጣ፣ አየር ተፋ፣ ውሃው ሄደ።

"ከሞሉት ቅጂልኝ" አልኳት።

ያኔ ፊቷ ተለወጠ። "ትርንጎ፣ እነዚህ እኮ ለሠርግ የተቀዱ ናቸው። ለሠርግ ከተቀዳ ውሃ ለአስከሬን አይቀዳም። ለልጄ ገድ አይሆንም። እስቲ አንቺም እንደ እናት አስቢልኝ።"

እንደ እናት አስቢልኝ። የኔ እናት ገላዋ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ነኢማ ያኔ ለሰፈሩ አዲስ ነበረች፤ ከግቢው በር አጠገብ ሱቅ ከከፈተች ዓመት አልሞላትም። ሳሙናና ዘይት ትሸጣለች፤ እስላም ናት፣ የስልጤ ልጅ። የሰማችውን ሰምታ ሱቋን ዘጋችና ሁለቱን ቢጫ ጀሪካኖቼን አንስታ "ነይ" አለችኝ። ከወንዙ ማዶ አንድ ጋራዥ አለ፤ የራሱ ታንከር ያለው። እዚያ ድረስ ወርደን፣ ለምነን፣ ቀድተን፣ ዳገቱን ይዘን ወጣን። እናቴን ያጠብኳት የመኪና ዘይት በሚሸት ግቢ ውስጥ በተቀዳ ውሃ ነው። እሁድ ለት እኔ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ከፊት ለፊቴ ባለው ቤት እልልታ ሰማሁ።

ይኸው ነው የተደረገብኝ። ትንሽ ነው የሚል ካለ ትንሽ ነው ይበል።

ከእናቴ አርባ በኋላ፣ ዓቢይ ጾም ውስጥ፣ የንስሐ አባቴ መምሬ ገብረ ኪዳን ቤቱን ጠበል ሊረጩልኝ ቅዳሜ ጠዋት መጡ። የእትዬ የውብዳርም የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። ተቀምጠው መጽሐፋቸውን ካወጡ በኋላ "በይ፣ ውሃ አምጪልኝ" አሉ።

"የለም አባ።"

"አንድ ጣሳ ይበቃል እኮ።"

"አንድ ጣሳም የለም። ውሃ የሚገኘው እዚያ ነው" አልኩና በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ በአገጬ አሳየኋቸው። እትዬ የውብዳር በሯ ላይ ቆማ ነበር። እንድትሰማኝ ነው ድምፄን ከፍ ያደረግኩት። ሰማች።

መምሬ መጽሐፋቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ግቢውን ተሻገሩ። ከደጃፌ ሆኜ ሁሉንም አየሁት። እትዬ የውብዳር መስቀል ልትሳለም ጎንበስ ስትል ቁልፏና መስቀሏ ከደረቷ ወጡና ተጋጩ። እሳቸው ለአፍታ አዩዋቸው።

"ለጠበል የሚሆን ውሃ አለሽ?"

"ለጠበል? ሞልቶ!" ብላ በጆግ ልታመጣ ገባች።

"በጆግ አይሆንም። በርሜሎቹን ክፈቻቸው።"

"የቱን አባ?"

"ሁሉንም።"

ደስታዋን ብታዩት! በረከቱ ስድስት እጥፍ የሚገባላት መሰላት። ክዳኖቹን እያነሳች ግድግዳ ላይ አስደገፈች፤ ነጠላዋን አመሳቅላ ለብሳ፣ እጇን አጣምራ ቆመች። መምሬ አንዱንም አላሳጠሩም። በእያንዳንዱ በርሜል ላይ ጸሎቱን አደረሱ፣ መስቀላቸውን ነከሩ፣ ባረኩ። እግሬ እስኪዝል ቆምኩ። ሲጨርሱ ፊቷ ላይ ረጭተውላት መስቀላቸውን ጠራረጉና እንዲህ አሉ፦

"እንግዲህ ይሄ ጠበል ነው ልጄ። ልብስ አይታጠብበትም። ወጥ አይሠራበትም። መሬት አይደፋም። የጠየቀ አይከለከልም።"

"እንዴ አባ? ስድስቱም?"

"ስድስቱም" አሉና በጆግ ለኔ ቀድተው ወደኔ ቤት ተመለሱ።

ግቢው በአንድ ጊዜ ሰማ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ጀሪካን ይዞ ወጣ። ነኢማ እንኳ ከሱቋ ብቅ ብላ "ለእኔስ ይደርሰኛል?" ስትል መምሬ ከኔ ደጃፍ ሆነው "ጠበል ሃይማኖት አይጠይቅም፣ ቅጂ" አሏት። እትዬ የውብዳር ከበርሜሎቹ ጎን ተገትራ ቀረች። የሳምንት ልብስ በሳፋ ተከምሮ አጠገቧ ነበር።

እኔም ሄድኩ። ውሃ አስፈልጎኝ አልነበረም የሄድኩት፤ ላሳምማት ነው። እነዚያን ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ይዤ ሄጄ ፊት ለፊቷ ቆሜ ቀስ ብዬ ሞላኋቸው። ዓይኗ ጀሪካኖቹ ላይ ወረደና እዚያው ቀረ። አወቀቻቸው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ መምሬን ልትጣላ ሄደች። በመሐላቸው የሆነውን ያወቅኩት ከነኢማ ነው። እትዬ የውብዳር ለእኛ፣ ለማኅበርተኞቿ፣ የማትነግረውን ነኢማ ሱቅ ውስጥ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ለሷ ትነግራት ነበር። ነኢማም ለኔ።

"ውሃዬን ወሰዱብኝ" አለቻቸው አሉ።

"የማንን ውሃ?"

"የኔን! ተሰልፌ፣ ለፍቼ የቀዳሁትን!"

"ተሰልፈሽ?" አሉ መምሬ።

ተሰልፋ አታውቅማ። ከዚያ ንስሐ ልግባ አለች። እናቴን አነሳች፤ ጀሪካኖቹንም አነሳች። አልቅሳ ስትጨርስ እንደ ልማዷ ቀኖናዋንም ራሷ መምረጥ ፈለገች።

"ስግደት ይዘዙብኝ አባ። ጉልበት አለኝ። በቀን መቶም ይሁን።"

"ስግደቱንም ታጠራቅሚዋለሽ" አሏት። "ንስሐ ፊትን ማዞር ነው ልጄ። ያንቺ ፊት ወደ በርሜልሽ ነው ያለው፤ እየሰገድሽም ወደዚያው ነው የምታዪው። ሂጂና ውሃ ሲመጣ መጨረሻ ቅጂ።"

"መጨረሻ? ከነማን በኋላ?"

"ከሁሉም በኋላ።"

በዚያው ሐሙስ ስንወጣ የብረት ሳጥኑ ክፍት ነው። ቁልፉ አንገቷ ላይ የለም። ጎማው ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እትዬ የውብዳር አንድ ጀሪካን ይዛ ከሰልፉ ኋላ ቆማለች፤ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ አንዱን በአንዱ ጨብጣ።

ማንም አልቀዳም። እውነቴን ነው። ተፋጠጥን። ነገሩ ወጥመድ መሰለን።

"ውሃው ውስጥ የሆነ ነገር አድርጋበት ይሆናል" አለች ከመጨረሻው ቤት ያለችው ሴት።

"የእድር ምርጫ ደርሶ ይሆናል" አለ አቶ ታደሰ፤ ለጉዳይ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

"ጴንጤ ሆናለች" አልኩ እኔ። ነገሩ ያኔ እንደዚያ ነበር የሚተረጎመው፤ ክፉ ሰው ድንገት ዝም ካለ፣ ይቅርታ ከጠየቀ፣ ወይ ሊሞት ነው ወይ ጴንጤ ሆኗል። ወሬው በሳምንቱ ሀና ማርያም ደረሰ፤ እዚያ ያለች የአክስቷ ልጅ በታክሲ መጥታ ማተቧን አይታ ተመለሰች። እትዬ የውብዳር እየሳቀች ነጠላዋን ገልጣ አሳየቻት። "አለ፣ አለ። ቁልፉ ነው የወጣው።"

በርሜሎቹንም በተነቻቸው። አንዱን ለነኢማ፣ አንዱን ከመጨረሻው ቤት ላለችው፣ እንዲህ እንዲህ እያለች ለራሷ አንድ አስቀረች። ለኔም አንዱን አንከባልላ ደጃፌ አደረሰች። "አልፈልግም" አልኳት። ሳትከራከር አንከባልላ መለሰችው።

እኔ በርሜል ያልነበረኝ ስላልፈለግኩ ነው እንዳይመስላችሁ። በዓመቱ ሦስት ገዛሁ፤ ክዳን ያላቸው። ጓዳዬ ውስጥ አቆምኳቸውና ቁልፍ አበጀሁ። ከእንግዲህ ማንንም "አንድ ጀሪካን" ብዬ እንደማልለምን ለራሴ ነግሬ ነበር።

በርሜሉን በመለስኩ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኳች። ከደፉ አላለፈችም።

"ትርንጎ፣ እናትሽ ባረፉ ቀን ስድስት በርሜል ውሃ ይዤ ከልክዬሻለሁ። ገድ አይሆንም ያልኩት ከልቤ አምኜ ነው፤ ግን ያንን ያመንኩት ለኔ ስለተመቸኝ ነው። በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።"

ቃል በቃል ይህን ነው ያለችው። ሰበብ ትደረድራለች ብዬ ስጠብቅ አንድም አላመጣችም። ሰበብ ብታመጣ ቀላል ነበር፤ እሱን ይዤ እጣላት ነበር።

"ሰምቻለሁ" አልኳት። "ሌላ ጉዳይ አለሽ?"

"የለኝም።"

በሩን ዘጋሁት። ዳግመኛ አላነሳችብኝም። በማግስቱ "እንዴት አደርሽ" አለችኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አለችኝ። ይቅርታውን የምትጠብቅ መሆኗን አውቅ ነበር። እንድትጠብቅም ፈልጌ ነበር።

ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ነበረኝ። "ታዝዛ ነው" እል ነበር። ካህኑ አዘዋት ነው እንጂ በራሷ ፈቃድ አይደለም፤ ትእዛዝ ለመፈጸም የሚቆም ሰው ምን ይደንቃል? እንዲህ እያልኩ ልፈትናት ጀመርኩ። ሐሙስ ሲደርስ ከሷ ፊት እኔ እንድሆን አመቻችቼ እሰለፋለሁ። ከዚያ እሞላለሁ። በርሜሎቼን ሦስቱንም፣ ጀሪካኖቹን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን፣ የማልጠቀምበትን ብረት ምጣድ ሳይቀር። ባልዲውን አጥቤ እደፋና እንደገና እሞላለሁ። ውሃው ተንጣጥቶ እስኪሄድ። ከዚያ ዞር ብዬ ፊቷን አየዋለሁ።

ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነበር ያኔ። ባዶ ጀሪካኗን ታነሳና "ይደርሳል" ትላለች። "መጀመሪያ የኔን"ን ትታ የያዘቻት ቃል ይቺ ነበረች፤ ይደርሳል። ከዚያ ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ። ወደ ወንዙ ትወርድና ጋራዡ ጋ ቀድታ፣ ጀሪካኗን በነጠላ ጀርባዋ ላይ አስራ፣ እኔ ያኔ የወጣሁትን ዳገት ትወጣዋለች፤ ሦስት ቦታ እያረፈች። መስኮቴ ላይ ሆኜ አይ ነበር። ይህን ያደረግኩት አንድ ሐሙስ አይደለም። ብዙ ሐሙስ ነው። አቶ ታደሰ ቢያነበው ምን እንደሚል አላውቅም።

ጻድቅ ሆነች አላልኩም። አንድ ሐሙስ የልጅ ልጇ ክርስትና ደርሶ ቤቷ እንግዳ ሊመጣ ነው፤ ነኢማ ደግሞ ስልክ እያወራች ጀሪካኗ ሞልቶ ይፈሳል። ያቺ የድሮዋ እትዬ የውብዳር ብድግ አለች። "አንቺ! ውሃ ነው የምታፈሺው ወይስ ወሬ?" ብላ ጀሪካኑን በእግሯ ገፋችና የራሷን ከቧንቧው ሥር አደረገች። እኔ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ይኸው! አልኩ በልቤ። ውሃው ጀሪካኗ ውስጥ ትንሽ እንደገባ ቆም አለች። አየችው። ብድግ አድርጋ የገባውን ነኢማ ጀሪካን ላይ ገለበጠችውና የራሷን ባዶ ይዛ ወደ ኋላ ተመለሰች። እጆቿን ጀርባዋ ላይ ጨበጠቻቸው።

"ምነው እትዬ፣ አንዴ ከቀደምሽ ቅጂ፣ ምን አለበት" አለች ነኢማ እየሳቀች።

"እጄን ካላሰርኩት ይሄዳል፤ እኔን አያማክረኝም" አለች። "አርባ ዓመት መጀመሪያ ሲነካ የኖረ እጅ ነው።"

እጆቿን ወደ ኋላ የምታደርገው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ልቧ ደከመ። ሰላማዊት ለቡ ኮንዶሚኒየም አላት፤ እየመጣች "እማዬ፣ እኔ ጋ ነይ፣ ከቧንቧ መቅዳት እንኳ አይጠበቅብሽም፣ ሮቶ አለን" ብትላት እምቢ አለች። "እዚያ ሰልፍ የለም" አለቻት። ሰላማዊት እናቷ የጃጀች መስሏት አለቀሰች። እኔ ከበሬ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ አልጃጀችም ነበር። በርጩማ ይዛ እየወጣች ሰልፉ መጨረሻ ላይ ትቀመጥ ነበር። "እንቅዳልሽ" ሲሏት "በተራዬ" ትላለች።

ማክሰኞ ጠዋት ነው ያረፈችው። ነኢማ ሻይ ልታደርስላት ገብታ ጮኸች። ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ሰላማዊት ከለቡ እስክትደርስ ገላዋ ይታጠብ ተባለ፤ ያኔ አንዷ "ውሃስ?" አለች።

ያለፈው ሐሙስ ውሃ አልመጣም ነበር። ጀሪካኑ ሁሉ ባዶ ነው። የእትዬ የውብዳርን አንድ በርሜል ነኢማ በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው፤ ባዶውን ጮኸ። የነበረውን ለአራስ ሰጥታው ነው።

ሁሉም የኔን ጓዳ ያውቃሉ። ሦስት በርሜል ሙሉ እንዳለኝ ያውቃሉ። አንዳቸውም አልጠየቁኝም። ነኢማ ብቻ አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ደጄ ላይ ያሉትን ሁለቱን ቢጫ ጀሪካኖች አነሳችና ወደ ግቢው በር ሄደች።

ዘጠኝ ዓመት የተመኘሁት ይህ ነበር። እግዚአብሔር ራሱ ያዘጋጀልኝ ነው የሚመስለው። ቃል መናገር እንኳ አይጠበቅብኝም፤ ዝም ብዬ መቆም ብቻ። የጓዳዬ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እጄ ጨብጦታል። ነኢማ በሩን አለፈች፣ ኮብልስቶኑን ይዛ መውረድ ጀመረች፣ ጫማዋ ሲንሸራተት ሰማሁ። እጄ ቁልፉን እንደጨበጠ ነው። እጅ ሰውን አያማክርም ያለችው ያኔ ትዝ አለኝ።

"ነኢማ!"

"አቤት!" አለች ከታች።

"ወዴት ነሽ?"

"ጋራዡ ጋ ነዋ! ሌላ የት አለ?"

"ተመለሺ።"

ጓዳዬን ከፈትኩ። ከሙሉው በርሜል ቀዳሁ። ያጠብኳት እኔ ነኝ፤ ማንንም አላስነካሁም። ስንገንዛት አውራ ጣቶቿ መታሰር ነበረባቸው። ክሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። እጆቿን አንስቼ አንዱን በአንዱ ላይ ሳደርግ እሺ ብለው መጡ፤ ማሰር የሚያስፈልጋቸው እጆች አልነበሩም። ያኔ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችውን አልኳት። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም።

በሠልስቱ መምሬ ገብረ ኪዳን ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። አርጅተዋል።

"አባ፣ ያ ቀኖና ስንት ዓመት ነበር?" አልኳቸው።

"የትኛው?"

"የእትዬ የውብዳር። መጨረሻ ቅጂ ያሏት።"

"የሰው ንስሐ አልናገርም" አሉ። "የራስሽን ከሆነ ግን ጊዜ አለኝ።"

ፊቴን ወደ ነኢማ አዞርኩ። ነኢማ ንፍሮ እያደለች ነበር፤ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ።

"አርባ ቀን።"

"ምን አርባ ቀን?"

"ያዘዟት አርባ ቀን ነው እኮ። አልነገርኩሽም እንዴ? ሲያልቅ እኔ ሱቅ ተቀምጣ 'ዛሬ አለቀ' አለችኝ። 'በይ እንኳን ደስ አለሽ፣ ከነገ ጀምሮ ቅደሚና ቅጂ' ብላት፣ 'ገና መልመዴ ነው' አለች።"

ንፍሮው እጄ ላይ ቀረ። በአርባ ቀን አልቆ ነበር። በዚያ ሁሉ ሐሙስ፣ እኔ ብረት ምጣድ እየሞላሁ "ታዝዛ ነው" ስል፣ ያዘዛት ሰው አልነበረም።

አቶ ታደሰ የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ከሆነ ይህን ይጻፍ። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚለውን ይሰርዘው።

ባለፈው ሐሙስ ውሃ መጣ። እንደ ወትሮው ወጣን። ከሰልፉ ኋላ እትዬ የውብዳር በርጩማዋን ታኖርበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው፤ ሁሉም እዚያ ላለመቆም ትንሽ ትንሽ ወደ ፊት ተጠግቷል። እኔ ነኢማን ተከትዬ ሦስተኛ ቆሜ ነበር። ቆየሁ ቆየሁና ጀሪካኔን አንስቼ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ እዚያ አስቀመጥኩት። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ስለጠፋኝ ወደ ኋላ አደረግኳቸው።

ነኢማ ዞራ አየችኝ። ከጀሪካኔ ወደ እጆቼ፣ ከእጆቼ ወደ ፊቴ።

"እትዬ ትርንጎ" አለች፤ ግቢው ሁሉ እየሰማ። "ምነው? ጴንጤ ሆንሽ እንዴ?"

"ዝም ብለሽ ቅጂ" አልኳት።